ላሊበላ ባሕር ላይ ያደረችበት ሌሊት

እስቲ ቀረብ በሉና ስሙኝ። ተረት አላወራችሁም፤ ያየሁትን፣ በእጄ የነካሁትን ነው የምተርክላችሁ።

ወሩ ኅዳር ነበር። ገና ሊደርስ አንድ ወር ከምናምን ቀርቶታል። ላሊበላ ላይ ኅዳር ማለት ቀን ፀሐዩ የሚለበልብ፣ ማታ ብርዱ አጥንት የሚሰብር ወር ነው። ከተማዋ ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ተቀምጣለች፤ ከበላይዋ ደግሞ የአቡነ ዮሴፍ ተራራ ከ4,000 ሜትር በላይ ተገትሮ ነፋሱን ይለቅባታል። ጋቢዬን ደርቤ፣ በወዳጄ ግቢ ካለች አንዲት ክፍል ውስጥ ኮምፒዩተሬን ከፍቼ ተቀምጫለሁ።

ሥራዬ ካርታ ነው። የተጠራሁበትም ጉዳይ ካርታ ነበር። ለገና ላሊበላ የሚወጣውን ሕዝብ ታውቁታላችሁ። ከዋግ፣ ከጋይንት፣ ከራያ፣ ከደላንታ ስንቁን ቋጥሮ፣ ነጭ ለብሶ፣ ቀናት በእግሩ ተጉዞ የሚመጣ አለ። በዚያ ሰው መሐል ነፍሰ ጡር አለች፣ አቅመ ደካማ አለ፣ ሕፃን ያዘለች አለች። ውሃ የት ይገኛል? ጤና ኬላው ከየትኛው መታጠፊያ ነው? መሽቶበት የሚያድር ሰው በየትኛው ደብር ቅጥር ይጠጋል? የከተማዋ ወጣቶች ይህን ሁሉ በአንድ ካርታ ላይ እናስፍር ብለው ተነሡ። ሦስት ሳምንት ሙሉ ዞሩ። አሸተን ማርያም ወጡ፤ ናኩቶ ለአብ ወረዱ፤ ገነተ ማርያም፣ ብልብላ፣ ይምርሐነ ክርስቶስ ድረስ በእግራቸው ሄደው በስልካቸው ጂፒኤስ ነጥብ ለቀሙ። የለቀሙትን በፍላሽ ይዘው መጡና «ጋሼ፣ እንካ፤ አሁን የቀረው ማስገባት ብቻ ነው» አሉኝ።

ማስገባት ብቻ! እኔም እንዲሁ መስሎኝ ነበር።

የምንጠቀምበት ኪው ጂ አይ ኤስ የሚባለውን ፕሮግራም ነው። ጋሪ ሸርማን የሚባል ሰው እ.ኤ.አ. በ2002 የጀመረው፣ ማንም በነፃ አውርዶ የሚሠራበት ፕሮግራም ነው፤ ፈቃድ መግዣ ለሌለው ለእኔ ዓይነቱ ባለሙያ ትልቅ ባለውለታ ነው። የመጀመሪያውን ፋይል ከፈትሁት። ነጥቦቹ ወጡ፤ ተደረደሩ። ከበስተጀርባ የዓለምን ካርታ ጨመርሁ። የላሊበላን አገር፣ የላስታን ተራሮች ስጠብቅ ማያው ሰማያዊ ሆነ። ዙሪያውን ሁሉ ውሃ። ላሊበላ፣ አሥራ አንዱ ውቅር አብያተ ክርስቲያናትና በዙሪያቸው ያሉ ምንጮች ሁሉ፣ ባሕር ላይ ተበትነዋል፤ ከሰርዴኒያ ደሴት ምሥራቅ፣ ከሲሲሊ ሰሜን፣ ከጣሊያን ምዕራብ።

ምን ሆኖ ነው? ላሊበላ ያለችው በሰሜን ኬክሮስ 12 ዲግሪ፣ በምሥራቅ ኬንትሮስ 39 ዲግሪ ላይ ነው። እኛ ስንናገር ኬክሮሱን እናስቀድማለን። ፕሮግራሙ ደግሞ ኤክስ ብሎ መጀመሪያ የሚጠይቀው አግድሙን፣ ማለትም ኬንትሮሱን ነው። ሁለቱን ዓምዶች አቀያይሬ ሰጥቼዋለሁ። 12 እና 39 ሲገለበጡ 39 ሰሜን፣ 12 ምሥራቅ ይሆናሉ፤ ያ ደግሞ የጣሊያን ባሕር ነው።

እዚህ ላይ አንድ ሰው ትዝ አለኝ፤ ከጉዳዩ ብወጣም ታገሡኝ። አባ ጎርጎርዮስ። በዛሬው ወሎ ውስጥ ያለው የመካነ ሥላሴ ሰው ነበሩ። በ17ኛው መቶ ዘመን አገር ለቀው ጀርመን ጎታ ድረስ ሄደው፣ እ.ኤ.አ. በ1652 ሂዮብ ሉዶልፍ ከሚባለው ሊቅ ጋር ተቀምጠው ቋንቋችንንም አገራችንንም አስተማሩት። ሉዶልፍ የኢትዮጵያን መልክ የተማረው በአብዛኛው ከእሳቸው አፍ ነው፤ አገሩን ሳይረግጥ እ.ኤ.አ. በ1683 የኢትዮጵያን ካርታ አሳተመ። አባ ጎርጎርዮስ ግን ካርታውን አላዩትም። እ.ኤ.አ. በ1658 ወደ አገራቸው ሲመለሱ መርከባቸው እስክንድሮና አጠገብ ተሰበረችና በዚያው በሜዲትራኒያን ባሕር ሰጥመው ቀሩ። ያን ሌሊት የላስታን ደብሮች በዚያው ባሕር ላይ ተንሳፍፈው ሳይ ሰውነቴ ቀዘቀዘ። ዓምዶቹን ቶሎ መለስሁ። ነጥቦቹ ባሕሩን ተሻግረው፣ ግብፅንና ሱዳንን አልፈው ቤታቸው ገቡ።

ሁሉም ግን አልገቡም። ከስልኩ ሌላ በእጅ የተጻፈ መዝገብ ነበር፤ አንዱ ልጅ ባትሪው ሲያልቅበት ከጓደኛው ስልክ እያየ በደብተር የገለበጠው። እነዚያ ነጥቦች ሁሉ ከቦታቸው ኪሎ ሜትርና ከዚያም በላይ ወደ ደቡብ ምዕራብ ሸሽተዋል። ደብተሩን ገልጬ ከማያው ጋር እያስተያየሁ ሳለ በሩ ተንኳኳ።

የኔታ ናቸው። የወዳጄ አባት፣ ዕድሜያቸውን በቅኔና በባሕረ ሐሳብ የፈጁ መምህር። ጸሎታቸውን አድርሰው፣ መብራቴን አይተው ነው የመጡት።

«አንተ ልጄ፣ አልተኛህም?»

«ነጥቦቹ አልገጥም ብለውኝ ነው የኔታ። ይግቡ፣ ውጭው ብርድ ነው።»

ወንበር ሳብሁላቸው። መነጽራቸውን አድርገው ደብተሩን አዩት። «12፣ 02» ይላል አንዱ መስመር። እኔም ኮምፒዩተሩ ላይ 12 ነጥብ 02 ብዬ አስገብቼዋለሁ።

«ይህ ምንድን ነው?»

«ኬክሮስ ነው የኔታ።»

ፊታቸው በራ። «ኬክሮስማ የኛ ነው! አንድ ዕለት ስድሳ ኬክሮስ፣ አንድ ኬክሮስ ስድሳ ካልዒት፣ አንድ ካልዒት ስድሳ ሣልሲት። እናንተ ለምድር ወሰዳችሁት እንጂ እኛ ዘመን የምንቆጥርበት ነው።» ከዚያ ጣታቸውን ሁለቱ ላይ አደረጉና «ታዲያ ይቺ ሁለት ከስንት ናት? ከስድሳ ናት ወይስ ከመቶ?» አሉኝ።

እመኑኝ፣ አሥራ ምናምን ዓመት በዚህ ሙያ ስሠራ እንዲህ አጥርቶ የጠየቀኝ አልነበረም። ልጁ የጻፈው 12 ዲግሪ ከ02 ደቂቃ ነው። ሁለት ደቂቃ ከስድሳ ሲካፈል 0.0333 ይሆናል። ስለዚህ ኮምፒዩተሩ ማግኘት የነበረበት 12.0333 እንጂ 12.02 አይደለም። ልዩነቱ በመሬት ላይ አንድ ኪሎ ሜትር ተኩል ያህል ነው። ኬንትሮሱም በዚያው ስህተት ወደ ምዕራብ ያንኑ ያህል ሲሄድ ነጥቡ በጠቅላላው ሁለት ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። ሁለት ኪሎ ሜትር በላስታ ቁልቁለት ምን ማለት እንደሆነ የሄደበት ያውቃል፤ ውሃ ፍለጋ የወረደች እናት ባዶ እንስራ ይዛ ገደል ለገደል ትመለሳለች።

የኔታ አልሄዱም። ያን ሌሊትም፣ ከዚያ በኋላ በነበሩት ሌሊቶችም ከጎኔ ተቀመጡ።

በሁለተኛው ቀን ከአንድ መሥሪያ ቤት የወሰን ፋይል መጣልን፤ ወረዳና ቀበሌ የሚያሳይ። ሼፕፋይል ነው። ሼፕፋይል የምንለው ኤስሪ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. ያወጣው ቅርጽ ነው፤ ዛሬም አገር ምድሩ የሚቀባበለው በእሱ ነው። ስሙ አንድ ፋይል ያስመስለዋል እንጂ ቤተሰብ ነው። ኤስ ኤች ፒ የሚለው የቦታውን ቅርጽ ይይዛል። ኤስ ኤች ኤክስ ማውጫው ነው። ዲ ቢ ኤፍ ሠንጠረዡን፣ ማለትም ስምና ቁጥሩን ይይዛል። ፒ አር ጄ ቁጥሮቹ በየትኛው መለኪያ እንደተለኩ ይናገራል። ሲ ፒ ጂ ደግሞ ፊደሉ በምን ዓይነት ኮድ እንደተጻፈ ይመሰክራል። የላኩልን የመጀመሪያውን ብቻ ነበር። ደውለን ብንነግራቸው «ዋናውን ልከንላችኋል እኮ» አሉ። ዋና የሚባል የለውም! አምስቱም አንድ ላይ ካልመጡ፣ የመጣው ወይ አይከፈትም፣ ወይ ስም አልባ ሥዕል ይሆናል፣ ወይም አገሩን የማያውቅ መንገደኛ ይሆናል። ለምነን ሁሉንም በአንድ ዚፕ አስላክን።

ተከፈተ። ወሰኑ ቁልጭ ብሎ ወጣ። ስሞቹን ብናይ ግን፦ የጥያቄ ምልክት፣ የጥያቄ ምልክት፣ የጥያቄ ምልክት። ከላይ እስከ ታች።

ይህን ጉዳይ ረጋ ብዬ ልንገራችሁ፤ በአማርኛ መረጃ የሚሠራ ሰው ሁሉ አንድ ቀን ይደርስበታልና። የኢትዮጵያ ፊደል ዩኒኮድ በሚባለው የዓለም ፊደላት የኮድ መዝገብ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999፣ በሦስተኛው እትም ነው። ዩ ቲ ኤፍ ስምንት በሚባለው አጻጻፍ የላቲን ፊደል አንድ ባይት ሲወስድ የኛ አንዱ ፊደል ሦስት ባይት ይወስዳል። ዲ ቢ ኤፍ ደግሞ የድሮ ሠንጠረዥ ነው፤ ለዓምድ ስም የሚፈቅደው አሥር ባይት ብቻ ነው። ስለዚህ «ቤተክርስቲያን» ብላችሁ ዓምድ ብትሰይሙ «ቤተክ» ብሎ ይቆርጠዋል። ሦስት ፊደል! ይህ እንኳ ይታለፋል። የከፋው ፊደሉ ራሱ ሲጠፋ ነው። ጥፋቱም ሁለት ዓይነት ነው፤ መለየት ያስፈልጋል። ማያችሁ ላይ የተዝረከረከ የላቲን ፊደል ካያችሁ፣ በየሦስተኛው ምልክት ላይ ጭረት የተሰካበት ኤ ከደጋገመባችሁ፣ አትደንግጡ፤ ፊደላችሁ በሕይወት አለ። ፕሮግራሙ በሌላ ኮድ እያነበበው ነው። የሌየሩን፣ ማለትም የዚያን የካርታ ንብርብር፣ የፊደል ኮድ ወደ ዩ ቲ ኤፍ ስምንት ብትለውጡት አማርኛው ብቅ ይላል። የጥያቄ ምልክት ካያችሁ ግን ፊደሉ ሲቀመጥ ያኔውኑ ሞቷል። አንድ ሰው የሆነ ቦታ ላይ ያለ ጥንቃቄ «አስቀምጥ» ብሎ የስንት ቀበሌ ስም አጥፍቷል። ከዚያ ፋይል የሚነሣ የለም፤ ያለው መፍትሔ ወደ ምንጩ ተመልሶ መጠየቅ ነው።

ጠየቅን። ስሞቹ በሌላ ሠንጠረዥ ላይ ተገኙ። ሠንጠረዡን ከካርታው ጋር በስም ልናጣምረው ሞከርን። ከመቶ ምናምን መስመር ግማሹ አልገጥም አለ።

ልጅቷ ናት ያየችው፤ ከወጣቶቹ መካከል አንዲት ዝምተኛ ልጅ ነበረች። «ጋሼ፣ እዚህ ‹ይምርሃነ› ይላል፤ እዚያ ‹ይምርሐነ›፤ በኛ ደብተር ደግሞ ‹ይምርኀነ›።» ሦስቱም ሲነበቡ አንድ ናቸው። ለኮምፒዩተር ግን ሦስት የተለያዩ ደብሮች ናቸው። «ሥላሴ»ና «ስላሴ»፣ «ዐማኑኤል»ና «አማኑኤል»፣ ሁሉም እንዲሁ። የባሰው «ጠበል» ነበር። አንዱ ልጅ «ጠበል»፣ ሌላው «ጸበል»፣ ሦስተኛው «ፀበል» ብለው ስለጻፉ ካርታው ሦስት ዓይነት የውሃ ምንጭ ያለ ይመስል በሦስት ቀለም ከፋፍሎ አስቀመጣቸው።

ፊደል የሚያቀያይር ትንሽ ቀመር ጽፌ ሁሉንም ወደ አንድ ልጠቀልለው ነበር። ሐውንም ኀውንም ወደ ሀ፣ ሠውን ወደ ሰ። ብዙዎቻችን እንዲህ ነው የምናደርገው። የኔታ ግን እጄን ያዙኝ።

«ምን ልታደርግ ነው?»

ነገርኋቸው።

«አይሆንም። ይምርሐነ በሐመሩ ሐ ነው። መርሐ ማለት መራ ነው፤ ክርስቶስ ይምራን ማለት ነው ስሙ። ሐመሩን ካነሣህበት መሪውን አነሣህበት።»

ያዘዙኝን አደረግሁ። ለማጣመሪያ ብቻ አንድ የተጠቀለለ ድብቅ ዓምድ ሠራሁ፤ ኮምፒዩተሩ በእሱ ይገጣጥም፤ ካርታው ላይ የሚታተመው ግን የኔታ ያረሙት ስም ይሁን። እሳቸው መነጽራቸውን ከፍ ዝቅ እያደረጉ፣ ልጅቷ እየጻፈች፣ ሁለት ምሽት ሙሉ ስም በስም ሄዱ። «ሃሌታው ሀ ነው»፣ «እሱ በንጉሡ ሠ»፣ «ያ በብዙኃኑ ኀ»። ስለ ጠበሉም ተጠየቁ። «ጸበል በግእዝ ትቢያ ነው፤ ውሃውን ሰው እንደሚጠራው ጠበል በሉት» አሉ። ሦስቱ ቀለማት አንድ ሆኑ።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። ከሁሉ ያደከመንም ከሁሉ ያስተማረንም እሱ ነው።

ወጣቶቹ ያልደረሱባቸው ምንጮች ነበሩ። እነሱን ከአሮጌው ካርታ፣ የኢትዮጵያ ካርታ ሥራ ድርጅት ካሳተመው የ1፡50,000 ሉህ ላይ ልንለቅም ወሰንን። ያ ካርታ ድንቅ ሥራ ነው፤ እያንዳንዱ ሸንተረር፣ እያንዳንዱ ጅረት በጥንቃቄ የተሣለበት። በስካነር አስነሣሁት፤ መስመሮቹ በሚገናኙበት ላይ ቁጥራቸውን እየሰጠሁ ከምድር ጋር አያያዝሁት። ምድር ለካርታ ሥራ በኬንትሮስ ከተከፋፈለችባቸው ዞኖች የላሊበላ ዞን 37 ሰሜን ነው። ኢትዮጵያ 36፣ 37 እና 38 በሚባሉ ሦስት ዞኖች ላይ ተዘርግታለች፤ የ37 መካከለኛ መስመር ኬንትሮስ 39 ነው። ላሊበላ ከዚያ መስመር አራት ኪሎ ሜትር ከምናምን ብቻ ወደ ምሥራቅ ስለምትርቅ የአግድም ቁጥሯ ከ504 ሺህ ሜትር ትንሽ ፈቀቅ ይላል፤ መካከለኛው መስመር 500 ሺህ ተብሎ ስለሚጀምር። ቁጥሮቹን አስገባሁ፤ ፕሮግራሙ «በየትኛው መለኪያ?» ሲለኝ የለመድሁትን፣ የጂፒኤሱን መረጥሁ። ምንጮቹን ነጥብ በነጥብ ለቀምሁ። አማረልኝ።

በማግሥቱ ልጅቷ መጣች። አንዷን ምንጭ አየችና «ጋሼ፣ ይቺ እዚህ አይደለችም» አለችኝ። «ካርታው እንዲህ ይላል» አልኋት። «እኔ ከዚያች ምንጭ እየቀዳሁ ነው ያደግሁት። ከታላቁ ዋርካ በላይ ናት፤ አንተ ከታች አድርገሃታል።»

ክርክር የለም፤ ሄደን አየን። ልክ ናት። ሌላም አየን፤ እሱም ወደ ደቡብ ምዕራብ ወርዷል። ሦስተኛም እንዲሁ። ለካሁት፦ ሁሉም ወደ 95 ሜትር ያህል ወደ ምዕራብ፣ 200 ሜትር ከፍ ብሎ ወደ ደቡብ። ስህተት እዚህም እዚያም ሲበታተን የሰው እጅ ነው። ሁሉም በአንድ አቅጣጫ፣ በአንድ ልክ ሲሄድ ግን የዳተም ነው።

የኔታ «ዳተም ምንድን ነው?» አሉኝ። እንዲህ አልኋቸው። መሬት ክብ ናት፤ ቁጥር ለመስጠት ግን ከሆነ ቦታ መነሣት አለብን። እንግዳ ሲመጣ «አገርህ የት ነው?» እንደምንለው፣ ቁጥርም ሲመጣ አገሩን ይጠየቃል። ጂፒኤስ መነሻው የመሬት እምብርት ነው፤ ደብሊው ጂ ኤስ 84 ይባላል። የአሮጌው ካርታችን አገር ግን ሌላ ነው። አዲንዳን ይባላል።

«አዲንዳን የት ነው?»

አዲንዳን በግብፅና በሱዳን ድንበር አጠገብ፣ በዓባይ ዳር የነበረ የኑቢያ መንደር ነው። ቀያሾች መለኪያቸውን ከዚያ አስነሡት። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጨረሻ የዓባይ ተፋሰስ ቅየሳ ሲጀመር፣ አሜሪካውያንና ኢትዮጵያውያን ቀያሾች ከተራራ ተራራ እያነጣጠሩ ያንን መለኪያ ሽቅብ ወደ ደጋችን አመጡት። የአሮጌው ካርታችን ቁጥር የሚነሣው ከዚያ ነው። መንደሩ ራሱ ዛሬ የለም። የአስዋን ታላቅ ግድብ ሲሠራ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ሕዝቡ ተነሣ፤ ቦታውን ውሃ ዋጠው።

የኔታ ለጥቂት ጊዜ ዝም አሉ። «የማን ውሃ ነው የዋጠው?» አሉ ቀጥለው።

አስቡት እስቲ። የላስታ ዝናብ ወደ ተከዜ ይወርዳል፤ ተከዜ ራሱ የሚነሣው ከዚሁ ከላስታ ነው። ተከዜ ከአትባራ ይቀላቀላል፣ አትባራ ከናይል፤ ናይል የአስዋን ግድብ ሐይቅ ውስጥ ገብቶ ይተኛል። የካርታችን ቁጥር ከዚያ መንደር ተነሥቶ ሽቅብ ወጣ፤ የተራራችን ውሃ ቁልቁል ወርዶ ያንን መንደር ከሸፈነው ውሃ ጋር ተቀላቀለ። ይህን ስነግራቸው የኔታ አማተቡ።

መፍትሔው ቀላል ነው፤ ግን ሁለት ነገሮች ሲምታቱ ያየሁት ብዙ ጊዜ ነውና ልለያቸው። ፕሮግራሙ ውስጥ አንዱ ትእዛዝ የሌየሩን መለኪያ «ይህ ነው» ብሎ መሰየም ነው። ሌላው ከአንዱ መለኪያ ወደ ሌላው መለወጥ ነው። አማርኛ የሚናገርን ሰው «ይህ ሰው ትግርኛ ነው የሚናገረው» ብላችሁ ብታስተዋውቁት ቋንቋው አይለወጥም፤ ሰሚውን ማሳሳት ብቻ ነው። መጀመሪያ እውነተኛ ቋንቋውን መናገር፣ ከዚያ መተርጎም። ስለዚህ ካርታውን መጀመሪያ አዲንዳን ዞን 37 ሰሜን ብዬ ሰየምሁት፤ ኮዱ 20137 ነው። ከዚያ ወደ ጂፒኤሱ፣ ወደ 32637 ለወጥሁት። እነዚህን ቁጥሮች ያወጡት የአውሮፓ ነዳጅ ፈላጊ ቀያሾች ናቸው፤ ጉድጓድ በተሳሳተ ቦታ እንዳይቆፍሩ ብለው። ለላስታ ምንጭም ጠቀሙን።

ትክክል መሆኑን በምን አረጋገጥን? በቤተ ጊዮርጊስ። የጣሪያዋ መስቀል ከሳተላይት ፎቶ ላይ ቁልጭ ብሎ ይታያል፤ መጠለያ ያልተሠራላት በመሆኗ ሰማዩ ያያታል። ጉድጓዱ ውስጥ ከገባችሁ አለቱ የሳተላይቱን ምልክት ይጋርደዋል፤ ስለዚህ ከላይ፣ ከጠርዙ ላይ ቆመን ነጥብ ወሰድን። የስልኩ ነጥብ፣ የሳተላይቱ ፎቶና የታረመው አሮጌ ካርታ እዚያ መስቀል ዙሪያ ተገናኙ። ካልታረመው ካርታ ላይ ለቅመናት ቢሆን ኖሮ ቅድስቲቱ ቤት ከጉድጓዷ ወጥታ 200 ሜትር ቁልቁል በወረደች ነበር።

የወረዳው ወሰንም የራሱ ጣጣ ነበረው፤ በአጭሩ ልለፈው። አንዱ ፋይል ላሊበላን ቡግና ወረዳ ውስጥ ያገባታል፤ ሌላው ላስታ ውስጥ። ሁለቱም አልዋሹም፤ ላስታ ከቡግና የወጣ ወረዳ ነው፤ አንዱ ፋይል ከዚያ በፊት፣ ሌላው ከዚያ በኋላ የተሠራ ነው። ፋይሉ ላይ ግን ዓመተ ምሕረት አልተጻፈም። እኛ ጻፍንበት።

የመሬቱን ከፍታ ስናስገባ ሌላ ነገር ገጠመን። እ.ኤ.አ. በየካቲት 2000 ኢንዴቨር የተባለችው የጠፈር መንኮራኩር አሥራ አንድ ቀን ዙራ ምድርን በራዳር ለክታለች። መረጃው ጎናቸው 30 ሜትር ያህል በሆነ ካሬዎች የተከፋፈለ ነው፤ በነፃ ይገኛል። አስገባነው፤ አቡነ ዮሴፍ እንደ ንጉሥ ወጣ፤ የተከዜ ሸለቆ ተከፈተ። የኔታ ግን «ቤተ ጊዮርጊስ የታለች?» አሉ። የለችም። ቁልቁል ተፈልፍላ፣ ጣሪያዋ ከምድር እኩል የሆነች ቤት ነች። ለዚያ ራዳር ጉድጓዷ አንዲት ካሬ ውስጥ ሟሙቶ ሜዳ ይሆናል። የላሊበላን ድንቅ ያልያዘ የላሊበላ መልክ! ሌሎች ግን ይህንን ጉድለት ሞልተውታል። የኬፕታውን ዩኒቨርሲቲው ሄንዝ ሩተር የመሩት የዛማኒ ፕሮጀክት ቡድን ላሊበላ መጥቶ፣ ሌዘር ስካነር ተክሎ አብያተ ክርስቲያናቱን ግድግዳ በግድግዳ፣ ስንጥቅ በስንጥቅ ለክቷቸዋል፤ በብዙ ሚሊዮን ነጥቦች። የነገ ጠጋኝ አለቱ የት እንደተሰነጠቀ፣ ስንት እንደሰፋ የሚያውቀው በዚያ ዓይነት ልኬት ነው። ወደ ሰማይ የወጣ መንኮራኩር ያላየውን፣ መሬት ላይ ተንበርክኮ የለካ ሰው አየው።

በመጨረሻው ሌሊት ሁሉንም ወደ አንድ ጂኦፓኬጅ ጠቀለልነው። አምስት ቤተሰብ የለውም፤ አንድ ፋይል ነው፤ የኛን ፊደል አይቆርጥም። ለእያንዳንዱ ሌየር መለኪያውን፣ ምንጩን፣ ዓመቱን፣ የለካውን ልጅ ስም ጻፍንለት። ልዘጋ ስል የኔታ ካርታውን በጣታቸው ተከትለው ከአንድ ዳገት ሥር ቆሙ።

«እዚህ ጋ ጠበል አለች። ካርታህ ላይ የለችም።»

አሮጌው ካርታ ላይ የለችም። በልጆቹም ነጥብ ውስጥ የለችም። እሳቸው ግን ተማሪ ሆነው ኮቸሮ ሲነክሩባት የነበረች ናት።

ሊነጋጋ ሲል ተነሣን፤ እሳቸው በመቋሚያቸው፣ እኔና ልጅቷ ከኋላ። ብርዱ ሣሩን አመዳይ አልብሶታል። ጠበሏ ከአንድ ድንጋይ ሥር በዝምታ ትፈልቃለች፤ በአጠገቧ የሰው ዱካ አለ። ልጅቷ ስልኳን በእጇ ዘርግታ ቆመች። መጀመሪያ 18 ሜትር ስህተት አለ፤ ጠበቅን። 11 ሆነ። 6 ሆነ። 4 ላይ ሲረጋ «ያዝሁት» አለች። ከዚያ ስሟን ልትጽፍ ቀና ብላ አየቻቸው፤ የኔታም ጎንበስ ብለው፣ ውሃውን በእፍኛቸው ቀድተው ፊታቸውን ካበሱ በኋላ፣ ፊደል በፊደል ያስጽፏት ጀመር።